የጠረጴዛውን የሬቲና ካሜራ «ሙሉ በሙሉ ይተካል» ተብሎ ስለሚሸጠው የስልክ መግጠሚያ
ለክሊኒካችሁ የሬቲና (በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ፎቶ ማንሻ ለመግዛት የተዘጋጃችሁ ባለሙያዎች፣ በስማርትፎን ላይ የሚገጠመውን ሌንስ የጠረጴዛውን ካሜራ ሙሉ በሙሉ እንደሚተካ አድርገው ከሚያቀርቡ ሻጮች ጋር ውል ከመፈራረማችሁ በፊት ጥቂት ነጥቦችን እንድታጤኑ አሳስባለሁ።

የሻጮቹ ዋነኛ መከራከሪያ ሜጋፒክሰል ነው። የሬቲና ምስል ጥራት ግን በይበልጥ የሚወሰነው ብርሃኑ በብሌን በኩል በሚገባበት መንገድና ከኮርኒያ (በዓይን ፊት ካለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) የሚመለሰው ነጸብራቅ በሚወገድበት ዘዴ ነው። የጠረጴዛው ካሜራ ብርሃኑን በቀለበት ቅርጽ በብሌኑ ዳር ዳር አስገብቶ ምስሉን በመካከሉ ስለሚቀበል ሁለቱ መንገዶች አይደራረቡም፤ ይህ መለያየት በሌለው ርካሽ መግጠሚያ ላይ 48 ሜጋፒክሰል ያለው ስልክ ብታስሩበት የምታተርፉት በ48 ሜጋፒክሰል የተነሳ ነጸብራቅ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የብሌን ስፋት ነው። ያለ ብሌን ማስፊያ ጠብታ የሚያነሱት የጠረጴዛ ካሜራዎች የሚያነጣጥሩት ዓይን በማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሆነ፣ በጨለመ ክፍል ውስጥ ብሌኑ በራሱ እስኪሰፋ ይጠብቃሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሚሊሜትር ያህል ይበቃቸዋል። በስልኩ ነጭ መብራት ሲነጣጠር ግን ብሌኑ ወዲያው ስለሚጠብ ጠብታ የግድ ይሆናል። ጠብታው ደግሞ ታካሚውን ለሰዓታት በቅርብ እንዳያነብ ያደርገዋል፤ የዓይኑ የፈሳሽ መውጫ ማዕዘን ጠባብ በሆነ ሰው ላይም የዓይን ግፊትን በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። በማስታወቂያው ላይ ያሉት የሚያማምሩ ፎቶዎች የተነሱት ብሌናቸው በጠብታ ከሰፋና ሞራ ከሌለባቸው ዓይኖች መሆን አለመሆኑን ሳትጠይቁ አትመኑ።

ስለ ዕይታ ስፋት የሚነገረውንም ቁጥር መርምሩ። አንዱ አምራች ማዕዘኑን ከብሌን፣ ሌላው ከዓይን ኳስ መሃል ስለሚለካ፣ በሁለተኛው መንገድ የተጻፈው ዲግሪ ለዚያው ቦታ ጎላ ብሎ ይታያል። ለስኳር ሕመምተኞች ምርመራ ማኩላን (ጥርት ያለ ዕይታ የሚሰጠውን የሬቲና መካከለኛ ክፍል) እና የዕይታ ነርቭን መሃል አድርገው የሚነሱ ሁለት የ45 ዲግሪ ፎቶዎች የተለመዱ ናቸው።

በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ከአልጋ ለማይነሳ ታካሚና ለመስክ ሥራ ጠቃሚ መሆኑን አልክድም። ቅሬታዬ በውሉ ላይ ነው፤ የሶፍትዌሩ ፈቃድ በየዓመቱ የሚታደስ ከሆነና ምስሎቹ በዳይኮም (ለሕክምና ምስሎች በጋራ በሚሠራበት የፋይል ደረጃ) ቅርጽ የማይወጡ ከሆነ፣ ክፍያው በተቋረጠ ቀን የታካሚዎቻችሁን ማኅደር ከሻጩ ልትለምኑ ነው። ስለዚህ ሻጩ ጅምር ሞራ ያለበትን አረጋዊ ታካሚ በፊታችሁ፣ ያለ ጠብታ፣ አንስቶ ፋይሉን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ እስኪከፍትላችሁ ድረስ ቀብድ አትክፈሉ።