ገበጣ ወይስ ሰኞ ማክሰኞ፦ ቁጥርን ለሕፃናት በጨዋታ ማስተማር

በሰሜን ሸዋ ደጋ ለሚያስተምር የቅድመ መደበኛ መምህር፣ ቁጥርን ለማስለመድ ገንዘብ የማይጠይቁ ሁለት ጨዋታዎች ቅርብ ናቸው።

ሰኞ ማክሰኞ መሬት ላይ በተሰመሩ ሣጥኖች ጠጠር እየተጣለ በአንድ እግር የሚዘለልበት በመሆኑ፣ የቁጥርንና የሳምንቱን ቀናት ቅደም ተከተል ከሰውነት ሚዛን ጋር ያለማምዳል። መቀመጥ ለሚያስጨንቀው የ4 ዓመት ሕፃን ይስማማል፤ በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድም ሰውነት ያሟሙቃል። ሆኖም አንዱ ሲዘል ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ፤ የበልግ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሜዳው አያስጫውትም።

ገበጣ ከቅደም ተከተል አልፎ ወደ ብዛት ይገባል። ሕፃኑ ከአንዱ ጉድጓድ ፍሬዎቹን አፍሶ ለተከታዮቹ አንድ አንድ ሲያድል፣ እያንዳንዱ የቁጥር ስም ለአንድ ነገር ብቻ እንደሚሰጥ በእጁ ይረዳል፤ ይህም ቁጥርን በቃል ከማነብነብ እጅግ የሚበልጥ ዕውቀት ነው። በ12 ጉድጓዶች አራት አራት ፍሬ ሲቀመጥ ድምሩ 48 ስለሚሆን ለጀማሪ ይበዛል፤ በሁለት ሁለት፣ ማለትም በ24 ፍሬ መጀመር ይሻላል። ባለ 12 የእንቁላል ካርቶን ለመጫወቻነት ይበቃል። ባቄላና ሽምብራ ግን አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ሊገቡ ስለሚችሉ መምህሩ ከአጠገባቸው መራቅ የለበትም።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል፣ 5 ዓመት ለሞላቸው ገበጣን እመርጣለሁ፤ የማሸነፊያውን ሕግ ግን ለኋላ አቆየዋለሁ።