67 ሚሊሜትር ፖላራይዘር በቴል አቪቭ ባሕር ዳርቻ፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

እዚህ የሚገመገመው ስምንት ወር ሙሉ አርብና ቅዳሜ ከቴል አቪቭና ከያፎ ባሕር ዳርቻ ያልጠፋ አንድ ባለ 67 ሚሊሜትር ሰርኩላር ፖላራይዘር ነው፤ ሌንስ ፊት ላይ ታስሮ ቀለበቱ ሲዞር ነጸብራቅን የሚቀንስና ሰማይን የሚያጠቁር ፊልተር ማለት ነው። መስታወቱ እንደ መጀመሪያው ቀን ነው፤ ቀለበቱ ግን ያለ ዕድሜው አርጅቷል። የምርቱን ስም መጥራት አላስፈለገም። የአሉሚኒየም ቀለበት ያላቸው መካከለኛ ዋጋ ፊልተሮች ባሕር ዳር ሲውሉ የሚደርስባቸው ተመሳሳይ ነው።

ለሁለት ቀን ጉዞ በሚያዝ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ቦታ ይገባዋል ወይ? ይገባዋል። ሰማይ ማጥቆር፣ ቀለም ማሞቅ፣ ንፅፅር መጨመር ዛሬ ኮምፒውተር ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው። የውሃ ነጸብራቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብልጭታው የሸፈነው ድንጋይና አሸዋ ሴንሰሩ ላይ ስላልተመዘገበ በኋላ ከየትም አይመጣም። ፀሐይ በበዛበት የባሕር ከተማ ሁለተኛ ሌንስ ከመሸከም ይህን መያዝ ይሻላል። ፀሐይ የት እንዳለች ሳያይ ቀለበቱን ዝም ብሎ የሚያዞር ሰው ግን ገንዘቡን አባክኗል።

ሰማዩ በጣም የሚጠቁረው ከፀሐይ በ90 ዲግሪ በሚርቀው አቅጣጫ ነው። ይህን ለማግኘት መሣሪያ አያስፈልግም። ሌባ ጣታችሁን ወደ ፀሐይ ቀስሩ፤ አውራ ጣታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉና እጃችሁን እንደ ቁልፍ አዙሩት። አውራ ጣቱ የሚያልፍበት መስመር ሁሉ ፊልተሩ አቅሙን የሚያሳይበት ነው። ፀሐይ ከጀርባችሁ ወይም ከፊታችሁ ከሆነች ቀለበቱን ቀኑን ሙሉ ብታዞሩት ከጨለማ በቀር የምታተርፉት የለም።

የቴል አቪቭ ዳርቻ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ነው፤ ባሕሩ በምዕራብ፣ ከተማው በምሥራቅ። ስለዚህ ሰዓትን ከቦታ ጋር ማዛመድ ቀላል ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኢዮጴ የምትባለው ያፎ ኮረብታ ላይ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆሞ ወደ ሰሜን ሲታይ የባሕር ዳርቻው ቅስትና ፎቆቹ ፊት ለፊት ይመጣሉ። ጠዋት ፀሐይዋ በቀኝ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በግራ ናት። ሁለቱም ጊዜ 90 ዲግሪ ይገኛል፤ ፊልተሩም ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል። በእስራኤል ክረምት እኩለ ቀን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ታኅሣሥ አካባቢ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ከአድማስ 35 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትወጣው። ያን ጊዜ ከኮረብታው ወደ ሰሜን ማንሳት ፀሐይን በጀርባ አዝሎ ማንሳት ነው፤ ፊልተሩ ምንም አይሠራም። ፊትን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ ማዞር ያሻል። ሰኔ ላይ ደግሞ እኩለ ቀን ፀሐይዋ 81 ዲግሪ ድረስ ስለምትወጣ ጠቆር የሚለው ሰማይ በአድማሱ ዙሪያ ሁሉ ይሆናል። ሆኖም በዚያ ሰዓት የሰው ዓይን ሥር የሚወርደው ጥላ ፎቶውን ስለሚያበላሽ ያንን ጥቅም ተዉት፤ ምሳ ብሉ።

ሻራቭ የሚባለው የበረሃ ትኩስ አየር ያለበት ቀን፣ በረሃው አቧራ ሲነሳና ሰማዩ ወደ ቢጫ ሲያደላ፣ ፊልተሩን አታውጡት። ሰማይን ሰማያዊ አድርጎ ብርሃኑንም በአንድ አቅጣጫ እንዲርገበገብ የሚያደርገው ጥቃቅኑ የአየር ሞለኪውል ነው፤ አቧራና የእርጥበት ጠብታ ትልልቅ ስለሆኑ ብርሃኑን ያደበላልቁታል። በበጋ ወራት ባሕር ዳር የሚያጠላው ነጭ ጭጋግም ጉልበቱን ይቀንስበታል። በጣም ጥሩ ውጤት የሚገኘው ዝናብ ጥሎ ባባራ ማግስት ነው።

ውሃ ላይ ሕጉ የተለየ ነው። ነጸብራቁ ከሞላ ጎደል የሚጠፋው የእይታ መስመሩ ከውሃው ወለል ጋር 37 ዲግሪ ገደማ ሲሠራ ነው። በያፎ ወደብ መሸጋገሪያ ላይ ሌንሱ ከውሃው 3 ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ይህ ማለት 4 ሜትር ርቆ ያለውን ውሃ ማንሳት ነው። እዚያ ላይ ከሥር ያለው ድንጋይና የጀልባው ገመድ ጥርት ብሎ ይወጣል። ወደ አድማሱ ሲታይ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ «ባሕሩ ለምን አልጠራም?» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ለነገሩ የሚጠራ ነገር ከሥሩ መኖር አለበት፤ ላንጋኖ ላይ ብልጭታውን ብታነሱለት የምታገኙት ያንኑ ቡናማ ውሃ ነው። ደግሞም እስከ መጨረሻ አታዙሩት። የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎቹ ቀለም ውሃው ላይ የሚጥለው መልክ የፎቶው ግማሽ ውበት ነው። ሙሉ ሲዞር እሱም አብሮ ይጠፋና ጀልባው ጥቁር ጉድጓድ ላይ የቆመ ይመስላል።

ባሕሩን ትታችሁ ወደ ሮትሺልድ ጎዳና ስትገቡ ፊልተሩ ብዙ ሰው የማይጠብቀውን ሥራ ይሠራል። የፋይከስ ዛፎቹ ቅጠል የሚያብረቀርቅ ነው፤ በፎቶ ላይ አረንጓዴ ሳይሆን ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ነው። ነጸብራቁ ሲነሳ አረንጓዴው ይመለሳል። ይህን በኮምፒውተር ማምጣት አይቻልም። በዚያው አካባቢ ያሉት የባውሃውስ ዘይቤ ሕንፃዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በዩኔስኮ የተመዘገበው «ነጩ ከተማ» የሚባለው፣ ግድግዳቸው የማያብረቀርቅ ኖራ ስለሆነ ፊልተሩ ለግድግዳው ለራሱ ብዙ አይፈይድም። የሚያምረው ከኋላ ያለው ሰማይ ጠቆር ሲል ነጩ ጎልቶ መውጣቱ ነው። ነጭ ግድግዳ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ግራጫ ስለሚያደርገው የኤክስፖዠር ማካካሻውን (ካሜራው የመረጠውን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን) ወደ +0.7 አውጡ። ነጠላ የለበሰች ሴት በጥላ በር ላይ ቆማ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ ካሜራው ጥቁሩን አይቶ ነጠላውን ያቃጥለዋል፤ ወደ -0.7 አውርዱና ሂስቶግራሙን (የብርሃን ስርጭት ግራፉን) እዩ።

የሰው ቆዳ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ፊትን ቅርፅ የሚሰጠው ጉንጭና ግንባር ላይ የሚያርፈው ብርሃን ነው። ፊልተሩ ሙሉ በሙሉ ሲዞር ያን ብርሃን አጥቦ ይወስደዋል፤ ፊቱ ጠፍጣፋና የደከመ ይሆናል። አንሺዎች ይህን ሳያውቁ በኤዲቲንግ ለማስተካከል ብዙ ይደክማሉ። ሙሉ ኃይሉ ላይ ካደረሳችሁት በኋላ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ወደኋላ መልሱት። ላብ ያረፈበት ፊት ሲሆን ደግሞ ትንሽ ጨመር ማድረግ ይጠቅማል።

ሰፊ ሌንስ ላይ ያለው ችግር ይታወቃል፤ ግን በቁጥር ቢቀመጥ ይሻላል። ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ 16 ሚሊሜትር ሌንስ በአግድም 97 ዲግሪ፣ 24 ሚሊሜትር 74 ዲግሪ፣ 35 ሚሊሜትር ደግሞ 54 ዲግሪ ያህል ያያል። በ97 ዲግሪ ውስጥ በጣም የሚጠቁረውም ፈጽሞ የማይጠቁረውም ሰማይ አብሮ ይገባል፤ ፎቶው መሃል ላይ የጥላሸት ቀበቶ ይወጣል። ከ35 በላይ ነፃነት ነው። ከ24 በታች ወይ ሰማዩን አሳንሱት፣ ወይ በግማሽ ኃይል አንሱ። ፓኖራማ ሊገጣጠም ከሆነ ፊልተሩ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

ዋጋው የሚከፈለው በብርሃን ነው። ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ይበላል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነስ ነው። በጠራራ ፀሐይ በአይኤስኦ (የሴንሰሩ ትብነት) 100 እና በኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር) 8 የሚገኘው ፍጥነት 1/400 ሰከንድ ገደማ ሲሆን በፊልተሩ ወደ 1/100 ይወርዳል። ለሕንፃ ይበቃል። የማዕበል መከላከያ ድንጋዩን መትቶ የሚፈናጠረውን ውሃ አቁሞ ለመያዝ ግን 1/800 ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ኤፍ 5.6 እና አይኤስኦ 400። ውሃውን እንደ ሐር ማለስለስ የሚፈልግ ደግሞ ፖላራይዘርን እንደ ኤንዲ (ብርሃን ብቻ የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር) አይቁጠረው፤ በኤፍ 16 እንኳ ቀን ላይ 1/25 ነው የሚሰጠው። ነጭ ሚዛንን (የካሜራውን ቀለም ማስተካከያ) «ፀሐይ» ላይ ማሰር ይሻላል፤ አውቶ ላይ ሲሆን ቀለበቱ በዞረ ቁጥር ካሜራው ቀለሙን ይለዋውጠዋል። ካሜራው ከአግድም ወደ ቁም ሲዞርም ፊልተሩ አብሮ 90 ዲግሪ ስለሚዞር ሥራው ይገለበጣል፤ እንደገና ማስተካከል ነው።

አሁን ወደ ብልሽቱ። ሦስተኛው ወር ላይ ቀለበቱ ሲዞር የአሸዋ ድምፅ ማሰማት ጀመረ፤ አምስተኛው ወር ላይ አንድ ቦታ ላይ መያዝ መጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የባሕር ርጭት በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ባለው ፀጉር በሚያህል ክፍተት ይገባል፤ ውሃው ይተናል፤ ጨው ይቀራል። ጨው እርጥበት ስለሚስብ አሉሚኒየሙን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ውስጥ ያለው ቅባትም አቧራ ይዞ ይደርቃል። ዘይት ጠብ ማድረግ የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ አታድርጉት። ዘይቱ ወደ መስታወቱ ይሳባል፤ ከዚያ ወዲያ ንጹሕ ፎቶ የለም።

የሚሠራው ቀላል ነገር ነው፤ ችግሩ በየቀኑ ማታ መደረግ ያለበት መሆኑ ነው። መጀመሪያ በአየር መንፊያ አሸዋውን አራግፉ። ፊልተሩን ከሌንሱ ፈትታችሁ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ለ10 ሰከንድ ያህል ወደ ታች ዘንበል አድርጋችሁ እጠቡት፤ ቀለበቱን አብራችሁ አዙሩ። ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሳደር ክልክል ነው። የፖላራይዘር ፊልሙ በሁለት መስታወት መሃል የተጣበቀ ስለሆነ ውሃ በጠርዙ ከገባ ይላቀቃል። ከዚያ አራግፉት፣ ጠርዙን በወረቀት ንኩት፣ የቀረውን ጠብታ በማይክሮፋይበር ጨርቅ አንሱ። ደረቅ ጨው ላይ ጨርቅ ማሸት ማለት መስታወቱን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ነው። እንግዳ ማረፊያ ክፍል የደረሳችሁት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ቢሆንም ሳታጥቡት አትተኙ። ይህ ልማድ ከስድስተኛው ወር ጀምሮ ሲያዝ ቀለበቱ መባባሱን አቁሟል፤ አዲስ ግን አልሆነም። ዛሬ የሚገዛ ሰው አቅሙ ከፈቀደ የናስ ቀለበት ያለውን ይውሰድ። ክብደቱ ትንሽ ይጨምራል፤ ሌንሱ ላይ ግን ቶሎ አይነክስም።

ሌንሱ ላይ ነክሶ ከቀረ በሁለት ጣት ጨምቆ መታገል ነገሩን ያብሰዋል፤ ቀጭኑ ቀለበት ሞላላ ይሆንና ጥርሱ ይበልጥ ይይዛል። ሰፊ ላስቲክ ዙሪያውን ጠቅልላችሁ በሙሉ መዳፍ አዙሩ። ያም ካልሆነ የንጹሕ ጫማ ጠፍጣፋ የላስቲክ ሶል ጠርዙ ላይ ብቻ አሳርፋችሁ በስሱ ተጭናችሁ አሽከርክሩ። ዋናው መከላከያ ሲታሰር አለማጥበቅ ነው። ከዩቪ ፊልተር ላይ ደርቦ መግጠምም ይቅር፤ ሁለቱ ተነካክሰው ይቀራሉ፣ የፎቶው ጥግም ይጨልማል።

አንድ ትንሽ ነገር፣ ግን ፊልተር የሚያድን፦ ከካሜራው ኋላ ሆናችሁ ሁልጊዜ ወደ ግራ አዙሩ። ያ አቅጣጫ የሚያጠብቀው ነው። ወደ ቀኝ የማዞር ልማድ ያለው ሰው ሳያውቀው እየፈታው ይቆይና አንድ ቀን የወደቡ ውሃ ውስጥ ሲገባ ያየዋል።

ሲገዛ መፈተሻው ኤልሲዲ የሆነ ላፕቶፕ ስክሪን ነው። ሌንስ ላይ የሚታሰረውን ጎን ወደ ዓይናችሁ አድርጋችሁ ነጭ ስክሪን እያያችሁ አዙሩት፤ አንድ ቦታ ላይ ስክሪኑ ሊጠፋ መድረስ አለበት። በአግባቡ ካልጠቆረ ተዉት። ሲጠቁር ሐምራዊ ወይም ቡናማ የሚያደላ ከሆነ ሰማያችሁም እንደዚያው ይሆናል። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር አድርጋችሁ ግን አትፈትሹ፤ ስትሠሩም አውልቁት።

ባትሪና የማጽጃ ጨርቅ የሚገዛ ሰው እስከ አርብ ቀትር ይጨርስ። የካርሜል ገበያ አርብ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል፤ ቅዳሜ አይከፈትም። ባቡርና አብዛኛው አውቶቡስ ከአርብ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ማታ አይሄድም፤ የቴል አቪቭ ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የሚያሠማራቸው ነፃ የሰንበት አውቶቡሶች ግን አሉ። ሰንበት የሚያከብር ሰው ፎቶ መነሳት ላይፈልግ ስለሚችል ካሜራ ከማንሳት በፊት መጠየቅ ነው።

ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስትጠጋ ፊልተሩን ፍቱት። ፊት ለፊት ናትና ሰማዩ ላይ ሥራ የለውም፤ የሚጨምረው ሁለት ስቶፕ ጨለማና ተጨማሪ ሁለት የመስታወት ገጽ ላይ የሚፈጠር የውሸት ብልጭታ ነው። መያዣ ሳጥኑ ውስጥ ይግባ፤ አሸዋ ያለበት የሱሪ ኪስ ውስጥ አይደለም። መኪና ውስጥ፣ የፊት መስታወቱ ሥርም አይደለም፤ የበጋው ሙቀት ፊልሙን ከጠርዙ ጀምሮ ያላቅቀዋል።