ከመራጭ ምዝገባና ከባህል መድረክ የቱ ይቅደም?

በካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ ስደተኛ የእርሻ ሠራተኞች መብታቸውን ለማስከበር ሁለት መንገዶችን ሞክረዋል። አንደኛው የዜግነት ትምህርትና የመራጮች ምዝገባ ነው፤ የእርሻ ሠራተኞች መብት ታጋዩ ሴዛር ቻቬዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሕዝብ ማደራጀት የጀመረው በዚሁ ነበር። ውጤቱ በቁጥር ይታያል፣ ተመራጭም ይሰማዋል። ዜግነት የሌለውን ግን ደጅ ያስቀረዋል።

ሁለተኛው መንገድ ሰው ይዞት ከመጣው ባህል ይነሣል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1965 በዚያው ሸለቆ ባለችው በዴላኖ ከተማ ፊሊፒናውያን የወይን ለቃሚዎች ሥራ ሲያቆሙ፣ ሜክሲኮአውያኑ በአገራቸው የነጻነት በዓል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው አድማውን ለመቀላቀል ወሰኑ። የተውኔት ጸሐፊው ሉዊስ ቫልዴዝ በጭነት መኪና ላይ አጫጭር ተውኔቶችን አሳየ፤ ተዋንያኑ ራሳቸው ሠራተኞቹ ነበሩ። በ1966 ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ በእግር ሲጓዙም ሜክሲኮአውያን የሚያከብሯትን የጓዳሉፔ ማርያምን ሥዕል አስቀደሙ። ታቦት አጅቦ የሚያውቅ ሰው ይህ የሚሰጠውን ብርታት አያጣውም። እዚህ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም፤ ስለዚህ እኔ ይህኛው ይቅደም እላለሁ።

ድክመቱ ግልጽ ነው፤ በጽሑፍ ካልታሰረ ከበዓሉ ጋር ይበተናል። የዴላኖዎቹ ግን አሰሩት፦ በ1970 የወይን አምራቾች ከሠራተኞቹ ማኅበር ጋር ውል ፈረሙ፤ በ1975 የወጣው የግዛቱ ሕግም የእርሻ ሠራተኞች ማኅበራቸውን በምስጢር ድምፅ እንዲመርጡ አስቻለ።