ወርድ፣ ግራመርሊ ወይስ ላንጉጅቱል? የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ የጎንደር ተማሪዎች

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በማራኪም ሆነ በቴዎድሮስ ግቢ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ለእንግሊዝኛዬ የትኛውን የሰዋስው ማረሚያ ልግዛ?» ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት እጅዎ ላይ ያለውን ይመርምሩ።

እጅዎ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ማይክሮሶፍት ወርድ ነው። ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ወርድ መሠረታዊውን እርማት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መስመር ሲቆራረጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የባለቤትና የግስ አለመስማማትንና የተደጋገመ ቃልን በደንብ ይይዛል። «የእኔ ወርድ ምንም አያርምም» የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ የቋንቋ ቅንብሩን ይዩ። ጽሑፉን በሙሉ መርጠው ቋንቋውን እንግሊዝኛ ያድርጉት፤ ፊደልና ሰዋስው እንዳይመረመር የሚያዝዘው ሳጥን ምልክት ካለበት ያንሱት። የወርድ ድክመት እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች አብዝተን በምንስታቸው በእንግሊዝኛዎቹ «ኤ» (a) እና «ዘ» (the) አጠቃቀም ላይ ይታያል፤ ብዙውን ሳያይ ያልፋል። በሌላ በኩል ተገብሮ ግስ ባየ ቁጥር ሊነቅፍ ይችላል። በጤና ጥናት የአሠራር ዘዴ ክፍል ውስጥ ተገብሮ ግስ የተለመደ ስለሆነ ይህን ነቀፌታ ያለ ስጋት ይለፉት።

እ.ኤ.አ. በ2009 በዩክሬናውያን የተመሠረተው ግራመርሊ በ«ኤ» እና «ዘ»፣ በመስተዋድድም በኩል ከወርድ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንዳረመም ያብራራል፤ መማር ለሚፈልግ ሰው ይህ ዋጋ አለው። ነፃው ለብዙ ተማሪ ይበቃል፤ የሚከፈልበት ዐረፍተ ነገርን መልሶ የማዋቀር ሐሳብና የተቀዳ ጽሑፍ መፈተሻ ይጨምራል። ነገር ግን ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት አንድን አካውንት ለብዙ ሰው የሚያከራይ ቢያጋጥምዎ አይግዙ። እዚያ ያስቀመጡትን ጽሑፍ የይለፍ ቃሉን የያዘ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ጽሑፉ ወደ ድርጅቱ ሰርቨር ስለሚሄድም የታካሚ መረጃ ያለበትን ሰነድ ከቶ አያስገቡበት።

እንዲህ ያለ ሰነድ ለያዘ ሰው ምርጫዬ ላንጉጅቱል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከጀርመናዊው ዳንኤል ናበር የመመረቂያ ሥራ የተነሳ፣ መሠረታዊ ክፍሉ ክፍት ምንጭ የሆነ (ኮዱን ማንም ሊያየውና ሊጠቀምበት የሚችል) ፕሮግራም ነው። አውርደው በራስዎ ላፕቶፕ ላይ ካስኬዱት ጽሑፉ ከእጅዎ አይወጣም፤ ወርድን ከሚተካው ከነፃው ሊብሬኦፊስ ጋርም ይሠራል። መጫኑ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ጃቫ የተባለ ሌላ ፕሮግራምም ይፈልጋል።

ሦስቱም የሚወድቁበት ቦታ ግን አንድ ነው፤ ገዢው ከሁሉ በላይ እንዲያውቅልኝ የምፈልገውም ይህንን ነው። አሉታን የሚገልጸው «ኖት» (not) በአንድ ፊደል ስሕተት «ናው» (now) ቢሆን፣ «ግንኙነት አልነበረውም» የሚለው ግኝትዎ ግንኙነት አለው ወደሚል ይገለበጣል። ሰዋስዉ ትክክል ስለሆነ ማረሚያው ዝም ሊል ይችላል። በሠንጠረዡና በማብራሪያው መካከል ቁጥር ቢለያይም አይነግርዎትም። ስለዚህ ለዓመታዊ ክፍያ ካሰቡት ገንዘብ ላይ ከፍለው መስኩን የሚያውቅ ሰው የውጤቱን ክፍል እንዲያነብልዎ ያድርጉ።

ለአማርኛ ጽሑፍ ብሎ ከሦስቱ አንዱን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። የአማርኛን ሰዋስው የሚያርም የለባቸውም። «አልነገርኳቸውም» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ተናጋሪው፣ የሚነገራቸው ሰዎችና አሉታው ተጠቃለዋል፤ ለእንግሊዝኛ የተሠራ ደንብ ይህን አይፈታም። የከተማችንን ስም እንኳ አንዱ «ጎንደር» ሌላው «ጐንደር» ብሎ ይጽፋል። ቢያንስ አጻጻፍዎ ወጥ እንዲሆን አንዱን መርጠው በወርድ መፈለጊያና መተኪያ ሌላውን ይለውጡ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን እያንዳንዱን እያዩ፣ ከሰው የተጠቀሰ ጽሑፍ እንዳይነካ።