ኖ ማንስ ስካይ፦ ከደሴ ሆኜ ያየሁት

ያ ጀማዓ፣ ስለዚህ ጌም ልጻፍና ይውጣልኝ። ኖ ማንስ ስካይ፣ በህዋ መርከብ ከፕላኔት ፕላኔት የምትዞርበት ጌም፣ የወጣው በፈረንጆቹ ኦገስት 2016 ነው፣ እኔ ግን ያገኘሁት ዘንድሮ ነው፣ እሱም ጂዳ ያለው የአክስቴ ልጅ የስቲም (ጌም የሚሸጥበት የኦንላይን ስቶር) ካርድ ገዝቶ ኮዱን በኢሞ ስለላከልኝ፣ አለዚያማ ዶላር የሚከፍል ካርድ ማን አለው። ስቶሩ ላይ 15 ጊጋ ቦታ ይፈልጋል ይላል፣ በሌሊት ፓኬጅ ሶስት ሌሊት ፈጀብኝ።

ለማታውቁት፣ ሄሎ ጌምስ የሚባል ትንሽ የእንግሊዝ ካምፓኒ ነው የሰራው፣ 15 ሰው ምናምን ሆነው፣ ጌሙ ከ18 ኩንቲሊየን (18 ብለህ 18 ዜሮ) በላይ ፕላኔት አለው አሉ። ይሄ ሁሉ ዲስክ ላይ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ፣ አንድ መነሻ ቁጥር አለ፣ ስትደርስ ከሱ ተነስቶ በፎርሙላ ይሰራልሃል፣ ቁጥሩ ለሁላችንም አንድ ስለሆነ እኔ ያየሁትን ተራራ አንተም ብትሄድ እዛው ታገኘዋለህ። መጀመሪያ ሲወጣ 60 ዶላር ነበር፣ ተጫዋች ከተጫዋች ይገናኛል ተብሎ ሲወራ ከርሞ ገና በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዎች አንድ ፕላኔት ላይ እዛው ቦታ ቆመው አልተያዩም። ስድቡ አይጣል ነው። ሰዎቹ ግን አፋቸውን ዘግተው ስራቸውን ቀጠሉ፣ በፈረንጆቹ 2018 መገናኘቱን በደንብ አስገቡት፣ ከዛ ወዲህ አፕዴት ላይ አፕዴት፣ ሁሉም በነጻ። ወላሂ እንዲህ ያለ ካምፓኒ ብዙ አላውቅም።

ይሄን የምለው በሌላው ስለተቃጠልኩ ነው። ፎቶ ቤት ነው የምሰራው፣ በየወሩ የሚከፈልበት አንድ የፎቶ ሶፍትዌር ነበረን (ስሙ ይቅር)፣ በእኛ 2015 ነሐሴ ክልሉ ላይ ዳታ ሲቋረጥ ቆየና ኢንተርኔት ካላገኘሁ አልከፈትም ብሎ ቁጭ፣ የሰው ሰርግ ፎቶ ውስጥ እንዳለ። የከፈልኩበትን ዕቃ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ሄደ ማለት ነው። ኖ ማንስ ስካይ ግን ኔት ባይኖርም ብቻህን ትጫወተዋለህ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ ከመርከቧ ስትወርድ ሴቭ ያደርጋል፣ እኔ አንዴ ህዋ ላይ ስንሳፈፍ መብራት ጠፋና የአንድ ሰዓት ልፋቴ በነነ።

አጀማመሩ ደስ ይላል፣ የማታውቀው ፕላኔት ላይ ትነቃለህ፣ መርከብህ ተበላሽታለች፣ ልብስህን ሙቀቱ ወይ መርዙ እየጨረሰው ማዕድን ለቅመህ መጠገን ነው። የመጀመሪያዋን ጉም የለበሰች ፕላኔት በደሴው ተራራ ስም ጦሳ ብዬ ሰየምኳት፣ ቀጥሎ ቆላዋን ኮምቦልቻ አልኳት።

አስረኛው ላይ ግን ነገሩ ገባኝ። ሰማዩ አረንጓዴ ነበር አሁን ቀይ ሆነ፣ ድንጋዩ ያው፣ የምለቅመው ያው። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሚኒባስ ስትሄድ እንኳ አንዱ መታጠፊያ ሌላውን አይመስልም፣ ቁልቁለቱን ጨርሰህ ሐይቁ ብቅ ሲል ሁሌም ልብህ ይደነግጣል፣ እዚህ ግን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ታውቀዋለህ። በፈረንጆቹ 2019 የወጣውን አውተር ዋይልድስ የሚባለውን ሌላ የህዋ ጌም ተመልከቱ፣ ፕላኔቶቹ ጥቂት ናቸው፣ በየ22 ደቂቃው ፀሐይዋ ትፈነዳና እንደገና ትጀምራለህ፣ ይዘህ የምትመለሰው ያወቅከውን ብቻ ነው፣ እያንዳንዷን ጥግ ሰው አስቦ ነው ያስቀመጣት። ለኔ አሰሳ ማለት ያ ነው። ስፋት አይደለም።

ስለዚህ ከ10 ስጡ ካላችሁኝ ለካምፓኒው 9፣ ለጌሙ 6። ታናሽ ወንድሜ በዚህ አይስማማም፣ እሱ አንድ ፕላኔት ላይ ቤት ሰርቶ እንስሳ እየቀለበ ያልባል (አዎ፣ ይታለባል)። እማዬ ከኋላው ቆማ ስታይ ቆየችና "ታዲያ ለቡና የሚሆን የለውም?" አለችው።