ጥቅምት ላይ ሐይቅ ዳር፦ አሳ፣ እሸትና ቡና

በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል። ብርዱ ሲገባ ሥጋ ያምራል፣ እውነት ነው። ወሎ ውስጥ በዚህ ወር ምን ልብላ ለሚለኝ ሰው ግን መልሴ አሳ ነው። ያውም ሐይቅ ወርዶ፣ ውሃው ዳር ተቀምጦ።

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክረምቱ እንደወጣ መንገዱ ራሱ ያዝናናል። ዳገቱ ላይ አደይ አበባ አለ፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። ሐይቅ ከተማ ደርሳችሁ ወደ ውሃው ስትወርዱ አሳ ቤቶቹ ይጀምራሉ። እኔ የምላችሁ ታፔላ የሌለውን፣ በረንዳው ወደ ውሃው የዞረውን ቤት ነው።

ሙሉ ጥብስ እዘዙ። አሳው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ለሐይቁ ነባር አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው። ዛሬ ግን ሐይቅ ሲባል መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ጠባሿ ጎኑን እስከ አጥንቱ ድረስ ትተለትለዋለች። ዘይት ውስጥ ሲገባ ትልታዩ ይከፈታል፣ ጫፍ ጫፉ ይደርቃል፣ አጥንቱ ጋ ያለው ግን ነጭና ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በጣት ሳብ ሲያደርጉት ብቻውን ይመጣል። ሎሚ ጨመቅ፣ ዳጣ ነካ፣ በቃ። ዳጣው በቃሪያ፣ በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ እዚያው የሚፈጭ ነው። በሶብላው ከጓሮ ስለሚቀነጠስ ሳህኑ ሳይደርስ ሽታው ይደርሳል። የማሽላ እንጀራ ካለ ጠይቁ፣ ከአሳ ጋር ከጤፍ ይልቅ ይስማማኛል። ጉላሹን አልመክርም፤ ቲማቲሙ በዝቶ አሳውን ውጦታል።

መጠበቅ አለ። ከጎናችን የነበሩ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ የኛስ ነገር?» ሲሏት አስተናጋጇ «አብሽሩ አባባ፣ ከጀልባ ገና መውረዱ ነው» አለቻቸው። ደግነቱ ባዶ አፍ አያስጠብቁም። የባቄላ እሸት ከነልጡ በሳህን ይመጣል፣ ከጎኑ ጨውና ሚጥሚጣ። እየፈለፈሉ መጨዋወት ነው። እሸቱ ከደጋው ነው የሚመጣው፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ስለሚደርቅ አሁን ካልበሉት እስከ ከርሞ የለም። ከአዲሱ ማር የተበጠበጠ ብርዝም አላቸው፤ ለስላሳ መጠጥ ከማዘዝ እሱን ቅመሱ።

አሁን ይህን ቤት ለምን እንደምወደው ልናገር። ወሎ ሥጋ ሲታዘዝ የእስላም ወይስ የክርስቲያን የሚል ጥያቄ አለ። ተከባብረን በሁለት ትሪ እንበላለን። አሳ ላይ ጥያቄው የለም። እዚያች በረንዳ ላይ ማተብ ያሰረ አጎትና ሂጃብ ያደረገች የእህቱ ልጅ ከአንድ ትሪ ሲጎራረሱ ታያላችሁ። እንግዳ ሲያይ ይገርመዋል። ለኛ የቤተሰብ ምሳ ነው፣ በዚህ ወር የሚያስወርደኝም ይኸው ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጽጌን የሚጾሙ፣ በጾም አሳ የማይበሉም ምሳው አይቀርባቸውም፤ ሽሮው ፈልቶ፣ እሸት ቃሪያ ተሰንጥቆበት ከጎን ይቀመጥላቸዋል።

ቡናው ጤና አዳም አለው። ቄጤማው የዚያው ዳርቻ ነው፣ እርጥበቱ እግር ላይ ይሰማል። አቦል ጠጥታችሁ አትነሱ። ቶናው ላይ ነው ጨዋታው የሚደራው፣ በረካው ላይ ምርቃቱ።

ሁለት ነገር ይታረም። አንደኛው ድምፅ ማጉያው ነው። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ለቅኝት በሰጡበት አገር፣ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው በር ላይ ቆሞ እያለ በስፒከር ጆሮ ማደንቆር ያሳዝናል። ስንለምናቸው ዘጉት፤ ልጁ ገብቶ ተጫወተልን፣ ጠረጴዛው ሁሉ አጨበጨበ። ሁለተኛው ይብሳል። መዳፍ የማታክል አሳ ጠብሰው አቀረቡ። ያቺ አሳ ገና ወልዳ አልሳመችም። ትንሿን አልበላም ብላችሁ መልሱ፤ ባለቤቱ ከአጥማጁ መግዛቱን የሚተወው በላተኛው እምቢ ሲል ነው። ይህን የምለው ሐይቁ እንዲኖርልኝ ስለምፈልግ ነው።

ከበላችሁ በኋላ ጊዜ ካላችሁ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑትን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተሳለሙ። ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቅዳሜና እሁድ አሳ ቤቱ ቦታ ስለሚጠብበት ከስድስት ሰዓት በፊት ድረሱ። ዋጋው ግድግዳ ላይ አልተጻፈም፤ አሳው ሳይጠበስ መጠኑን አይታችሁ ተስማሙ። ጋቢ ያዙ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከውሃው የሚነሳው ንፋስ ቀላል አይደለም።