«ታዲያ ቤቱ የት ነው?»፦ የሳልዝቡርግ የፊልም ቤቶች ጉብኝት

እናቴ ከደሴ ልትጠይቀኝ ሙኒክ ስትመጣ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የመጋረጃ ልብስ የለበሱትን የእነዚያን ልጆች ቤት አሳዪኝ።» «ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ»ን (ማሪያ የምትባል ሞግዚት የአንድ ካፒቴን ሰባት ልጆችን መዝፈን የምታስተምርበትን፣ ታሪኩ ሳልዝቡርግ የሆነውን ፊልም) በልጅነታችን በቪዲዮ ካሴት ስንት ጊዜ እንዳየነው ቆጥሬ አልጨርሰውም። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ስለነበረች ዘፈኑንም ፍቅሩንም ትታ የምታነሣው ማሪያ ከመጋረጃ የሰፋችውን ልብስ ነው። «ሰባቱን ልጆች መቼ ለክታ መቼ እንደሰፋችላቸው አላሳዩንም» ትላለች፤ እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

ቅዳሜ ማለዳ በባየርን ቲኬት፣ ማለትም ለአንድ ቀን በሚያገለግለው የክፍለ ሀገሩ የባቡር ቲኬት ሄድን። ሳልዝቡርግ ያለችው ኦስትሪያ ውስጥ ቢሆንም ቲኬቱ እስከዚያ ድረስ ይሠራል፤ በሥራ ቀን የምትሄዱ ከሆነ ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አትሣፈሩበት። አራት ሰዓት የሚፈጀውን የአውቶቡስ ጉብኝት ከቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት ገዝቼው ነበር፤ ለሁለታችን ከመቶ ዩሮ በላይ ከፍያለሁ። የምወቅሰው ነገር ስላለኝ የድርጅቱን ስም አልጠራም።

መጀመሪያ የቆምነው ከሊዮፖልድስክሮን ቤተ መንግሥት ማዶ፣ ከሐይቁ ዳር ነው። ሊቀ ጳጳስ ፊርሚያን እ.ኤ.አ. በ1736 ያሠራው፣ በ1918 ደግሞ የቲያትር አዘጋጁ ማክስ ራይንሃርት የገዛው ሕንፃ ነው። ነጭ ግድግዳው ውኃው ላይ ሲታይ በእርግጥ ያምራል። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመችና «ልጆቹ ከጀልባው የወደቁት እዚህ ነው?» አለች። አስጎብኚዋ ሐይቁ ይኸው መሆኑን፣ ደጃፉ ግን ሌላ መሆኑን ነገረችን። ለፊልሙ የሚሆነው ሰገነት የተሠራው በዚያው ሐይቅ ዳር፣ ከጎን ባለ ሌላ ይዞታ ላይ ነው። የጭፈራው አዳራሽ የዚህን ቤተ መንግሥት የቬኒስ ክፍል አስመስሎ ሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ውስጥ የታነጸ ነው። ማሪያ ሻንጣዋን ይዛ የደረሰችበት የፊት ለፊት በር ደግሞ ፍሮንቡርግ የሚባል ሌላ ሕንፃ ነው።

«ታዲያ ቤቱ የት ነው?» አለች እማዬ። አስጎብኚዋ ሳቀች። እማዬ ግን አልሳቀችም፤ ጥቂት አሰብ አድርጋ «ፊቱ ከአንድ ጣቃ፣ ጀርባው ከሌላ ጣቃ፣ ገበሩ ከአሜሪካ» አለች። ስለዚህ ፊልም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ሰምቼ አላውቅም፤ ለአስጎብኚዋም ተረጎምኩላት።

አስጎብኚዋን አመሰግናታለሁ። ሳትሸፋፍን ነው የምትናገረው። የጀልባውን ታሪክ የነገረችን ውኃውን በጣቷ እያሳየች ነው፦ ከሰባቱ ልጆች ትንሿን ግሬትልን ሆና የተጫወተችው የአምስት ዓመት ልጅ ዋና አትችልም ነበር። ማሪያን የተጫወተችው ጁሊ አንድሪውስ ልትይዛት ተነጋግረው ሳለ፣ ጀልባዋ ስትገለበጥ አንድሪውስ በሌላው በኩል ወደቀች፤ ልጅቱን ያወጣቻት ሌላዋ የፊልሙ ልጅ ሄዘር ሜንዚስ ናት። እማዬ ይህን ስተረጉምላት በደረቷ አማተበች። አንድ ተሳፋሪ የፊልሙን ዘፈን «ኤዴልቫይስ»ን የኦስትሪያ ብሔራዊ መዝሙር ነው ሲልም አስጎብኚዋ በትሕትና አረመችው፤ ዘፈኑ በ1959 ብሮድዌይ ላይ ለቀረበው ሙዚቃዊ ቲያትር የተደረሰ ነው። ፊልሙ ላይ የምንሰማው የካፒቴኑ የዘፈን ድምፅም በአብዛኛው የተዋናዩ የክሪስቶፈር ፕላመር ሳይሆን የዘፋኙ የቢል ሊ ነው። ይህኛውን ለእማዬ አልተረጎምኩላትም። ካፒቴኑን ትወደዋለች።

ወቀሳዬ ወዲህ ነው። ሐይቁ ዳር የሰጡን ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው። ፎቶ ለመነሣት ወረፋ የያዘ ሰው ቤቱን በወጉ ሳያይ ይመለሳል። የሠርጉ ትዕይንት ወደተቀረጸባት ወደ ሞንድዜ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዘን፣ ቤተ ክርስቲያኑን በሩብ ሰዓት አይተን፣ የቀረውን የአንድ ሰዓት ትርፍ በኬክ ቤት ገደልነው። በኋለኛው ወንበር በኩል ያለው ድምፅ ማጉያ ደግሞ ይንኮሻኮሻል። ለሾፌሩ ብነግረው ዘፈኑን ከፍ አደረገልኝ! ንግግሩ አሁንም አይሰማም፤ «ዶ ሬ ሚ» ግን ጆሮ ይበጥሳል።

በሄልብሩን የአትክልት ስፍራ ያለችው፣ በፊልሙ ሁለት ወጣቶች የሚጨፍሩባት የመስታወት ጎጆ በር ተቆልፎባታል። በመስታወቱ አሻግሬ ሳይ እዚህ ውስጥ ሁለት ሰው እየዘለለ እንዴት እንደጨፈረ ግራ ገባኝ። ለካስ ጭፈራው ሰፋ ተደርጎ በተሠራ አምሳያዋ ውስጥ፣ እዚያው ሎስ አንጀለስ የተቀረጸ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመቷን የካፒቴኑን ትልቅ ልጅ ሊዝልን ሆና የተጫወተችው ቻርሚያን ካር (የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበረች) አዳልጧት መስታወቱን ጥሳ ወጥታለች፤ ቁርጭምጭሚቷ ታሽጎና በሜካፕ ተሸፍኖ ነው የጨፈረችው።

ፊልሙ የተመሠረተበት የእውነተኛው የትራፕ ቤተሰብ ቤት አይገን በሚባለው ሠፈር ነው፤ የእኛ ጉብኝት ግን በዚያ አያልፍም። ቤተሰቡ በ1938 የተሰደደውም ፊልሙ እንደሚያሳየው ተራራ ወጥቶ ሳይሆን በባቡር ወደ ጣሊያን ነው። ቤቱን በጦርነቱ ጊዜ የናዚው ባለሥልጣን ሂምለር እንደያዘው ስትሰማ እማዬ ቀኑን ሙሉ ደጋግማ አነሣችው።

ምክሬ፦ ፊልሙን በደንብ የምታውቁ ከሆነ አውቶቡሱን ተዉት። የሐይቁ ዳር መንገድ ለማንም ክፍት ነው፤ ሄልብሩንም በከተማው አውቶቡስ ቁጥር 25 ይደረሳል። ከአረጋዊ ወላጅ ጋር ከሆናችሁና መንገድ መፈለግ ከሰለቻችሁ ደግሞ ግዙት፤ ብቻ ከፊት ወንበር ተቀመጡ።

እኛም ጉብኝቱ ሲያልቅ በ25 ቁጥር ተመልሰን፣ ዛፍ ከግራ ቀኝ በተሰለፈበት መንገድ በእግራችን ወደ ፍሮንቡርግ ሄድን። አስጎብኚያችን በጣቷ ብቻ አሳይታን ያለፈችው ቤት ነው። ቢጫ ግድግዳ አለው፤ ዛሬ የሙዚቃ ተማሪዎች ማደሪያ ስለሆነ ከአንደኛው መስኮት ቫዮሊን ይሰማ ነበር፤ ተጫዋቹ አንዲቷን ስንኝ ደጋግሞ ይስታታል። እማዬ እንደ ማሪያ የብረቱን በር በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ውስጥ ተመለከተች። ከዚያ አንዲት ተማሪ ብስክሌቷን እየገፋች ስትወጣ በሩን ይዛ ጠበቀችን፤ እንድንገባ በእጇ ምልክት ሰጠችን።

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። «አልገባም» አለችኝ፤ «ውስጡ አሜሪካ ነው።»